የግራና ትምህርት ቤት ከግቢው ይጀመር

ትንሽ ከተማ ሲያድግ መጀመሪያ የሚጠበው የትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ትምህርት ቤቱን ልጉዳ ብሎ የሚነሳ ሰው ግን የለም። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያጣና ከግቢው ጥግ ይቆረስለታል። መንገድ ይሰፋና አጥሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ራሱ በጀት ሲያንሰው በመንገድ በኩል ያለውን አጥር ሱቅ አድርጎ ያከራያል፤ የውስጥ ገቢ ይባላል። ተማሪ ይበዛና አንድ ተጨማሪ ብሎክ ኳስ ሜዳው ላይ ይቆማል። ከ20 ዓመት በኋላ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት የሚቆሙበት ቦታ ሲጠፋ፣ እያንዳንዱ ውሳኔ በሌላ ስብሰባና በሌላ ቃለ ጉባኤ የተላለፈ ስለሆነ ተጠያቂ አይገኝም።

ትልልቆቹ ከተሞች ይህን መንገድ ጨርሰውታል። አዲስ አበባ ላይ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ደሴ ላይ እንደ ወይዘሮ ስሂን ያሉት ቀደምት ትምህርት ቤቶች ሰፊ ግቢ ያገኙት መሬት ሳይወደድ ነው። ዛሬ በመሀል ከተማ ለአዲስ ትምህርት ቤት የሚሆን ባዶ ቦታ ስለሌለ አዲስ አበባ በነባሮቹ ግቢዎች ውስጥ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ እየጨመረች ነው። ግቢ የሌላቸው የግል ትምህርት ቤቶችም ለመኖሪያ በተሠራ የኪራይ ቤት ውስጥ ልጆችን ሰብስበው ያስተምራሉ፤ ብዙዎቹ ልጆች ኳስ የሚያዩት በቴሌቪዥን ነው።

ግራና ገና እዚያ አልደረሰችም። ስለ ከተማ ትምህርት ቤት ንድፍ ስናወራ ግራናን መነሻ ማድረግ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ብዙም ሳትርቅ፣ በቆላማው ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በሚባለው የመስኖ ሥራ ከአካባቢው ውጭም ይታወቃል። ውኃ የገባበት መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል፤ ሽንኩርት ደላላ፣ የጭነት መኪና፣ ሻይ ቤትና የሚከራይ ክፍል ያመጣል። መርሳ የደሴ ወልድያን ዋና መንገድ ይዛ እየረዘመች ነው፤ ወልድያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ በሁሉም አቅጣጫ ሰፍታለች። ግራና የዚህ ሰንሰለት ትንሿ ከተማ ናት። የጨርቁና የሰብሉ ገበያ የሚቆምበት፣ ባጃጁ የሚሰለፍበት፣ አዲሱ የቆርቆሮ ቤት የሚነሳበት መሀል ሰፈር ግን ከአሁኑ ጠቧል። እዚያ መሀል አዲስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚነሳ ሰው ከወልድያም ሆነ ከአዲስ አበባ ባልደረቦቹ ጋር አንድ ዓይነት ችግር ይገጥመዋል፤ ልዩነቱ ግራና ላይ ለማስተካከል ጊዜ አለ።

የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። ንድፉ ከክፍሉ ሳይሆን ከግቢው መጀመር አለበት።

እስከ ዛሬ የተሠራበት መንገድ ተቃራኒው ነው። በአገራችን ትምህርት ቤት ማለት ብሎክ ማለት ሆኗል፤ አራት ክፍል በአንድ መስመር፣ ፊት ለፊት በረንዳ፣ ላዩ ቆርቆሮ። ይህ ቅርጽ የራሱ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ክፍል ሲቋቋም፣ በአንድ ንድፍ በየአውራጃው የሚደገም፣ ሕዝቡ ገንዘብና ጉልበት አዋጥቶ የሚያቆመው ቀላል ቤት ያስፈልግ ነበር። ሥራው ብዙ ልጆችን ከዛፍ ሥር አውጥቷል፤ ውለታው አይካድም። ያ ንድፍ የታሰበው ግን ሰፊ መሬት ላለው ገጠር ነው። አንድ ብሎክ ሲጨመር መሬቱ ስለማይጎድል፣ ሕንፃዎቹ እርስ በርስ የት ይቁሙ የሚለው ጥያቄ ራስ ምታት አልነበረም።

ከተማ ውስጥ ሲገባ ስሌቱ ይለወጣል። በብዛት እንደሚሠራው አንድን ክፍል 7 በ8 ሜትር እናድርገው፤ ባለ 2 ሜትር በረንዳ እንጨምርለት። ባለ አራት ክፍሉ ብሎክ 9 በ32፣ ማለትም 288 ካሬ ሜትር ይይዛል። 16 ክፍል ለማግኘት አራት ብሎክ ስንደረድር 1,152 ካሬ ሜትር መሬት በጣሪያ ተሸፈነ። በብሎኮቹ መካከል ያለው፣ ለመጫወት የጠበበ፣ ለመተላለፊያ የሰፋ ክፍተት ሲጨመርበት የባሰ ነው። ያንኑ 16 ክፍል አንድ ፎቅ ጨምረን በሁለት ሕንፃ ብንሠራው 576 ካሬ ሜትር መሬት ይተርፋል። ሙሉ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15፣ ማለትም 420 ካሬ ነው። አንድ ፎቅ መውጣት ለልጆቹ አንድ ሜዳና ዙሪያውን የሚተከል ጥላ ይሰጣል ማለት ነው።

የትምህርት ቤት ግቢ በግራናና በመርሳ ዓይነት ከተሞች ከትምህርትም በላይ ነው። መናፈሻ የለም። የስፖርት ማዘውተሪያ ተብሎ በፕላን የተቀመጠው ቦታ በብዙ ከተሞች ወይ አልተጠረገም ወይ ሌላ ነገር ተሠርቶበታል። የከተማ መሬት አጠቃቀም መመሪያችን 30 ለመንገድ፣ 30 ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 ለግንባታ ይላል፤ በተግባር ግን ሠፈሩ ውስጥ ልጅ የሚሮጥበት የቀረው መሬት የትምህርት ቤቱ ነው። ስብሰባውም፣ ምርጫውም፣ ክትባቱም፣ የክረምት ውድድሩም እዚያ ይካሄዳል። ግቢውን የበላ ንድፍ ለከተማዋ ሌላ ቦታ አይተውላትም።

ፎቅ ይሠራ ሲባል የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ትልቁም የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሰሜን ወሎ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ነው። በዚሁ ጫፍ ላይ፣ ወደ ደቡብ፣ በ1953 በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ቻይና ውስጥ ሲቹዋን ላይ በ2008 እ.ኤ.አ. የሆነውም ሊረሳ አይገባም፤ መንቀጥቀጡ በትምህርት ሰዓት ስለደረሰ፣ በደካማ ሥራ የቆሙ ትምህርት ቤቶችም ስለተደረመሱ፣ ከ5 ሺህ በላይ ተማሪዎች አለቁ። እዚያ ወላጆች የጠየቁት ጥያቄ አጎራባች ሕንፃዎች ቆመው የልጆቻችን ክፍል ለምን ወደቀ የሚል ነበር። ግራና ላይ ፎቅ የሚያቆም ሁሉ ያንን ጥያቄ አስቀድሞ ለራሱ ማቅረብ አለበት። መልሱ ውድ ቴክኖሎጂ አይደለም። ቀጥ ያለ፣ አራት ማዕዘን፣ ያልተወሳሰበ ሕንፃ፤ በተገቢው ርቀት የታሰረ ስታፋ፤ ከኮለኑ ጋር በብረት የተያያዘ የብሎኬት ግድግዳ፤ ውኃው ያልበዛ ኮንክሪት። ይህ ሁሉ በንድፍ ወረቀት ላይ አለ። የሚጎድለው ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት ብረቱን ቆጥሮ የሚፈርም፣ ካልሆነም ይቁም የሚል ሰው ነው። ተቆጣጣሪ መሐንዲስ በሳይቱ ላይ በቋሚነት ካልተመደበ አንድም ፎቅ ባይሠራ እመርጣለሁ። ይህን ስል ፎቁን በመተው የሚመጣው ጥበት ጠፍቶኝ አይደለም፤ ጠባብ ግቢ ይሻሻላል፣ የወደቀ ሶሌታ ግን አይመለስም።

ስለዚህ ለግራና ከመሬት በላይ አንድ ፎቅ ብቻ ይበቃል። ወልድያ መሀል፣ ቦታው በጣም የጠበበበት፣ ሁለት ፎቅ ሊያስኬድ ይችላል። ከዚያ በላይ ሲወጣ ደረጃው ራሱ የልጆቹን ዕረፍት ይበላዋል፤ ደወል ተደውሎ ሜዳው ላይ ሳይደርሱ ሁለተኛው ደወል ይደወላል።

የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ሌላው ከባድ ጥያቄ ነው። የሕንፃ ሕጉ የሕዝብ ሕንፃ ለእነርሱ ተደራሽ እንዲሆን ያስገድዳል። ወደ 3.2 ሜትር ከፍታ በ1 ለ12 ተዳፋት የሚወጣ መወጣጫ ከ38 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ማረፊያው ሳይቆጠር ማለት ነው። አሳንሰር በግራና የመብራት ሁኔታ የማይታሰብ ነው። እዚህ ላይ ንድፉ ከርእሰ መምህሩ ጋር መነጋገር አለበት። ቤተ መጻሕፍቱ፣ የመምህራን ክፍሉ፣ ቤተ ሙከራው፣ የትንንሾቹ ክፍሎች ሁሉ ምድር ላይ ይሁኑ። ከዚያም በየክፍል ደረጃው ቢያንስ አንዱ ሴክሽን ምድር ላይ የሚማርበት ሁኔታ ከመጀመሪያው ይታሰብ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ክፍሉ ወደ እርሱ ይውረድ እንጂ እርሱ ተሸክመውት አይውጣ። መወጣጫው ግን ምድሩን ከግቢውና ከመጸዳጃው ጋር ለማገናኘት በሁሉም በር መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ በዋናው በር አንድ መወጣጫ ተሠርቶ ለሪፖርት ፎቶ ይነሳል፤ መጸዳጃው ግን ሦስት ደረጃ ላይ ይቀመጣል።

ስለ ሙቀቱ እናውራ፤ በግራና ይህ የምቾት ሳይሆን የትምህርት ጉዳይ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ ክፍሉን ያግለዋል። ከሰዓት ፈረቃ ገብቶ በሚያዝያና በግንቦት ሒሳብ የተማረ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ድምፁ መምህሩን ዝም ያሰኘዋል። ፎቅ እዚህ ላይ ሳይታሰብ የሚሰጠው ትልቅ ጥቅም አለ፤ የምድሩ ክፍል ላዩ ሶሌታ ስለሆነ ከቆርቆሮው ሙቀትም ከዝናቡ ጩኸትም ይድናል። ችግሩ የሚቀረው ለላይኛው ነው። ለእርሱ መልሱን ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ማየት ይቻላል። ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በተወለደበት በጋንዶ መንደር በ2001 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቀው ትምህርት ቤት ግድግዳው ከተጠናከረ የጭቃ ብሎኬት የተሠራ ነው። ቆርቆሮው ከጣሪያው ሥር ካለው የብሎኬት ኮርኒስ በብረት ድጋፍ ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ ነው። በመካከሉ ነፋስ ያልፋል፤ ቆርቆሮው ቢግልም ሙቀቱ ወደ ክፍሉ አይወርድም። የግድግዳውን ብሎኬት ያመረተውና ሕንፃውን ያቆመው የመንደሩ ሕዝብ ነው። ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. የፕሪትዝከር ሽልማትን ሲያገኝ ጋንዶ አብሮ ተጠርቷል። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም፤ የጋንዶ ሙቀት ከቆቦና ከግራና ቢብስ እንጂ አያንስም።

የሕንፃው አቀማመጥ ደግሞ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ውሳኔ ነው። ግራና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በቀትር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ወደ ሰሜን፣ ቀሪውን ዓመት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሁለቱም ጊዜ ከአናት ብዙም ስለማትርቅ መካከለኛ በረንዳ ይከልላታል። የማይከለለው የጠዋትና የማታ ፀሐይ ነው። ስለዚህ የሕንፃው ረጅም ጎን ሰሜንና ደቡብ፣ አጭሩ መስኮት የሌለው ግድግዳ ምሥራቅና ምዕራብ መመልከት አለበት። ይህን ሁሉም የሥነ ሕንፃ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት ይማረዋል። ሆኖም በየከተማችን ብሎኮች ፊታቸውን ወደ መንገድ ያዞራሉ፤ መንገዱ በምዕራብ ከሆነ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፀሐዩን ፊታቸው ላይ ይቀበላሉ። ወጪ የማያስወጣ ነገር በዚህ ደረጃ ሲዘነጋ ያንገበግባል።

የክፍሉ ስፋት ሥርዓተ ትምህርቱና እውነታው የተጣሉበት ነው። በ56 ካሬ ክፍል 50 ልጅ ሲቀመጥ ለእያንዳንዱ አንድ ካሬ ከጥቂት ይደርሰዋል። 80 ሲሆን ወደ 0.7 ይወርዳል፤ በሦስት የሚቀመጡበት ዴስክ ላይ አራተኛው ይጨመራል፣ መምህሩም ከሰሌዳው ፊት ካለው ጠባብ መስመር መላቀቅ አይችልም። የቡድን ሥራ የሚባለው በሪፖርት ላይ ይቀራል። የክፍሎቹን ቁጥር ሲወስኑ ዛሬ የተመዘገበውን ልጅ ብቻ መቁጠር ስህተት ነው። አዲሱ አደረጃጀት ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት፣ አንደኛ ደረጃን እስከ ስድስተኛ፣ መካከለኛን ሰባተኛና ስምንተኛ አድርጎታል። የቅድመ አንደኛ ልጅ የራሱ መጸዳጃ፣ የራሱ መጫወቻ፣ ትልልቆቹ የማይረግጡት ጥግ ይፈልጋል። ነባሮቹ ብሎኮች ሲሠሩ እነዚህ ሕፃናት በግቢው ውስጥ አልነበሩም፤ አሁን ያለ ጥግ ገብተዋል።

ውኃና መጸዳጃ ሲነሳ የሴት ልጆች ጉዳይ ይቅደም። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ የምትታጠብበት የተዘጋ ክፍል፣ ውኃና ቆሻሻ መጣያ ከሌላት በየወሩ ቀናት ትቀራለች። ይህንን መጸዳጃ ከአጥሩ ጥግ፣ ከወንዶቹ አጠገብ፣ ከጨለማ ቦታ ላይ የሚያስቀምጥ ንድፍ ገና ከወረቀቱ ላይ ልጆችን እያስቀረ ነው። ከመምህራን ክፍል እይታ ያልራቀ፣ በር የሚቆለፍ፣ ብርሃን የሚያገኝ መሆን አለበት። ውኃውን በተመለከተ ጣሪያው ብዙ ይረዳል። የሁለቱ ሕንፃዎች 576 ካሬ ጣሪያ፣ የዓመቱ ዝናብ 800 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከ460 ሺህ ሊትር በላይ ይቀበላል፤ ከአምስት አንዱ ቢባክን እንኳ 368 ሺህ ይተርፋል። የሚያስቸግረው ማጠራቀሚያው ነው። ሁለት ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ ለ800 ልጅ በቀን 5 ሊትር ቢታደል አምስት ቀን ብቻ ይዘልቃል። ከመሬት ሥር የሚሠራ 100 ሜትር ኩብ ማጠራቀሚያ ግን 25 ቀን ያቆያል፤ መስመር ሲጠፋ መጸዳጃው እንዳይዘጋ ይህ በቂ ነው። ማጠራቀሚያው መሬት ሳይቆፈር በፊት ካልታሰበ በኋላ አይመጣም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የቅርብ ጊዜ ታሪካችን አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢው በሕወሓት ኃይሎች ሥር በነበሩበት ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ዴስካቸውም ማገዶ ሆኗል። ከዚያ በፊትም በኋላም ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች በየከተማው የተጠለሉት በመማሪያ ክፍሎች ነው። በዚሁ በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የጃራ መጠለያ ለብዙዎች የየዕለት ኑሮ ሆኗል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ በረንዳ ስፋት ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ፤ ብስጭታቸው ይገባኛል። ነገር ግን የፈረሰው በችኮላ የሚተካው አሁን ነው። በዚህ ወቅት ኳስ ሜዳው ላይ የቆመ ብሎክ 50 ዓመት እዚያው ይኖራል። ትምህርት ቤት በችግር ጊዜ መጠለያ እንደሚሆን ደግሞ በተግባር ስላየነው፣ ንድፉ ሊክደው አይገባም። ለብቻው የሚከፈት አንድ ሰፊ አዳራሽ ከራሱ መጸዳጃና ከውጭ በር ጋር ቢኖር፣ ተፈናቃይ ሲመጣ ልጆቹ ትምህርት ሳያቋርጡ ሰውም ሳይገፋ ማለፍ ይቻላል። በሰላሙ ጊዜ አዳራሹ የመመገቢያና የስብሰባ ቦታ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውን ሕዝቡ ራሱ በከፊል መልሶታል። «ትምህርት ለትውልድ» በሚባለው ንቅናቄ በ2015 እና ከዚያ በኋላ ወላጆች፣ ነጋዴዎችና ውጭ አገር ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ለትምህርት ቤት ጥገናና ግንባታ አዋጥተዋል። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ገንዘብ ሲሰበስብ አብዛኛውን ጊዜ ቃል የሚገባው «አንድ ብሎክ» ነው፤ ብሎክ ይቆጠራል፣ ይመረቃል፣ በስም ይሰየማል። የግቢ ፕላን አይመረቅም። ለዚህ ነው አዋጪዎች ራሳቸው ገንዘባቸውን ከማስረከባቸው በፊት ሙሉውን የግቢ ንድፍ እንዲያሳያቸው ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ያለባቸው። የመጀመሪያው ብሎክ አንድ ፎቅ ቢሆንና ሁለተኛው ከአምስት ዓመት በኋላ ቢቀጥል እንኳ የት እንደሚቆም ዛሬ መታወቅ አለበት። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ አለ፤ አዲስ አበባ ልደታ ያለው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ከ1940ዎቹ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ የመጣ ሆኖ ስለ ርካሽ ግንባታ ረጅም ልምድ አለው። ከትምህርት ቢሮ የሚመጣውን መደበኛ ንድፍ ለግራና ሙቀትና መሬት ማስተካከል የእነዚህ ተቋማት የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን የይዞታ ማረጋገጫው ይቅደም። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ለአነስተኛ ከተማ ሳይቀር ፕላን እንዲኖር ይደነግጋል፤ በፕላኑ ላይ «ትምህርት ቤት» ተብሎ ቀለም የተቀባ ቦታ ግን ካርታ በትምህርት ቤቱ ስም ካልወጣ ለሚቀጥለው ጠያቂ ክፍት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ድንበሩን ለክቶ፣ ችካል ተክሎ፣ ካርታውን ለትምህርት ቤቱ ያስረክብ። ለአዲሱ ትምህርት ቤት ቦታ ሲመረጥም ኮሚቴው በጥር ፀሐይ ሄዶ ደረቁን ሜዳ አይቶ እንዳይፈርም። የምዕራቡ ተራራ ዝናብ ወደ ግራና ሜዳ የሚያወርደው ደራሽ የት እንደሚያልፍ የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚያ ሳምንታት፣ ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ ቦታውን በእግር የሚዞር አንድ መሐንዲስና ሠፈሩን የሚያውቁ ሁለት አዛውንት ያስፈልጋሉ፤ የአፈር ምርመራው፣ የመሠረቱ ጥልቀትና የግቢው ፍሳሽ መስመር እነርሱ ባዩት ላይ ይመሥረት። ቁፋሮው ከጥቅምት በኋላ ይደርሳል።